ጅማ ላይ የተፈጥሮና የጉዞ ጸሐፊዎችን ዓመታዊ ጉባኤ ስታዘጋጁ እነዚህን አትሳሳቱ

ስለ ደን፣ ስለ ወፍ፣ ስለ ወንዝና ስለ መንገድ የሚጽፉ ሰዎች በዓመት አንዴ ሲገናኙ የት ይገናኛሉ? አዳራሽ ውስጥ! መጋረጃው ይዘጋል፣ ፕሮጀክተሩ ይበራል፣ ስለ ደን መመናመን ጥናት ይቀርባል። ደኑ ደግሞ ከከተማ ወጣ ብሎ ቁጭ ብሏል። ከዚህ በታች የምዘረዝራቸው ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመነጩት ከዚሁ ነው። ዝግጅቱ እንደማንኛውም የመሥሪያ ቤት ስብሰባ ይታሰባል።

ዝናብ ላይ መጥራት

ሰበቡ በጀት ነው። የመንግሥት በጀት ሰኔ 30 ይዘጋል። ድጋፍ የሚሰጠው አካል «እስከ ሰኔ አጋማሽ ጨርሱልን» ይላል፣ አዘጋጁም እሺ ይላል። ያኔ ጅማ በውኃ ርሳለች። እዚህ ዝናቡ ሐምሌን አይጠብቅም። ከመጋቢት ጀምሮ ይመጣና መስከረምን ይሻገራል። የገጠሩ መንገድ ጭቃ ይሆናል፣ ሚኒባስ ይሰምጣል፣ ካሜራው ከቦርሳው ሳይወጣ ይመለሳል።

ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ ይሻላል። ሰማዩ ይጠራል፣ መንገዱ ይደርቃል፣ እስከ ታኅሣሥም ቡና ይለቀማል። «የቡና አበባ እናሳያችኋለን» ብሎ ቀን መቁረጥ ግን አያዋጣም። አበባው የሚፈነዳው ከደረቁ ወራት በኋላ ደህና ዝናብ ሲጥል ነው። ከዚያ በጥቂት ቀን ይረግፋል። ዝናቡ ከማንም ጋር ቀጠሮ የለውም።

ጾሙንም እዩ። በ2017ም በ2018ም ዓቢይ ጾምና ረመዳን የጀመሩት የካቲት ላይ፣ በቀናት ልዩነት ነው። ረመዳን በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ገደማ ወደ ኋላ ስለሚመጣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ጥር ውስጥ ይገባል። የዘንድሮን ፕሮግራም ለከርሞ ቀድቶ መላክ ጣጣ ያመጣል። የሳምንቱም ቀን ቢሆን ዋጋ አለው። ጅማ ላይ አርብ ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ዋናውን ንግግር የሚያስገባ ሰው ከተማዋን አያውቃትም ማለት ነው። ግማሹ ታዳሚ ጁምዓ ላይ ነው።

ስለ ሥጋው አለማሰብ

ትንሽ ነገር ትመስላለች። ግን እራት ላይ የምታጋጥመውን አስቡት። ሰልፉ ረዝሟል፣ ጥብሱ ይጨሳል። አንዷ እንግዳ ሳህኗን ይዛ ቆማ «ይቅርታ፣ ይሄ የማን ሥጋ ነው?» ትላለች። አስተናጋጁ ወደ ኩሽና ሮጦ ይሄዳል። ሲመለስ እሱም እርግጠኛ አይደለም። ከኋላዋ ያሉት ሰዎች ሽሮውን ብቻ እየጨለፉ ያልፋሉ። ያን ያህል ወጪ የወጣበት ጥብስ ተርፎ ያድራል።

የሙስሊምና የክርስቲያን ሥጋ ለየብቻ ይታረድ፣ ለየብቻ ይሠራ፣ ጠረጴዛውም ላይ በጉልህ ይጻፍ። ጭልፋውም አይቀላቀል። የጾም ምግብ በየቀኑ ይኑር፣ ረቡዕና አርብ ደግሞ በርከት ይበል። ይህን የሆቴሉ ሰው ያውቀዋል ብላችሁ አትተዉት። ውሉ ላይ አስገቡት።

እንግዶችን በሌሊት ማስገባት

ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቢሮ ውለው በምሳ ሰዓት የሚነሱ አሉ። ከወልቂጤ ቁልቁል የሚወርደውን የጊቤ ሸለቆ በጨለማ ያልፉታል። እኔ እንደሚመስለኝ የጉዞ ጸሐፊን በዚያ ሸለቆ በሌሊት ማሳለፍ ገንዘቡን እንደ መውሰድ ነው። ደጋው አልቆ ቆላው ሲጀምር፣ ሙቀቱ በመስኮት ሲገባ፣ ድልድዩን ተሻግሮ መንገዱ እንደገና ሲወጣ ማየት አለበት። ወደ ጅማ ሲቀርቡ ደግሞ በ1996 ሥራ የጀመረው የግልገል ጊቤ አንድ ግድብ ሐይቅ አለ። 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ይህ ግድብ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይወጣዋል። በማለዳ ተነሡ፣ መንገድ ላይ ቁሙ። የመጀመሪያውን ቀን ለመንገዱ ስጡት።

ጠዋቱን ለመክፈቻ ንግግር መስጠት

ይሄኛው ያናድደኛል። ፕሮግራሙ ላይ «2፡30 ምዝገባ፣ 3፡00 የእንኳን ደህና መጣችሁ ንግግር» ይላል። የክብር እንግዳው 4፡15 ይመጣሉ። በዚያ ሰዓት ወፎቹ ሥራቸውን ጨርሰዋል።

ከከተማው ዳር ያለውን የቦዬን ረግረግ ተመልከቱ። ባለዘውድ ክሬን የሚባሉት ረጃጅም ወፎች ሌሊቱን እርጥብ ቦታ ላይ ያድራሉ። ማለዳ ተነሥተው ምግብ ፍለጋ ወደ ማሳና ሜዳ ይሄዳሉ። ሲነሡ ለማየት 12 ሰዓት ላይ ዳሩ ላይ መገኘት ያስፈልጋል። ጉም አለ፣ ይበርዳል፣ ጫማ ይበሰብሳል። ድምፃቸው ይቀድማል፣ ከዚያ ሁለት ሁለት እየሆኑ ይወጣሉ። 2 ሰዓት ላይ የደረሰ ሰው ከብት ያያል። ከብቱም፣ ሣር አጫጁም፣ ረግረጉን ከዳር የሚገፋው ግንባታም ታሪክ ነው፣ እሱን አልክድም። ግን ክሬኑን ያላየ ሰው ምን እየጠፋ እንደሆነ በምን ይጽፈዋል?

መክፈቻውን ከሰዓት በኋላ አድርጉት። ባለሥልጣኑም ደስ ይላቸዋል። የምርጫውና የሒሳብ ሪፖርቱ ጉዳይ ደግሞ ማታ ይለቅ። ማኅበሩ በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የተመዘገበ ከሆነ ቃለ ጉባኤና ዓመታዊ ሪፖርት አይቀርለትም። ግን አንድ ሙሉ ጠዋት አይፈጅም።

ደኑን እንደ መናፈሻ መቁጠር

በለጠ ጌራ ደን ከጅማ ወደ ቦንጋ በሚወስደው መንገድ ላይ ይጀምራል። ዝግባው፣ ቀረሮው፣ ከሥሩ የበቀለው ቡና፣ ዛፍ ላይ የተሰቀለው ቀፎ፣ ጉሬዛው ሁሉ አለ። ባለቤትም አለው። የኦሮሚያ ደንና የዱር እንስሳት ድርጅት አለ፣ በየመንደሩ ደግሞ ደኑን በጋራ የሚያስተዳድሩ፣ ዋቡብ የሚባሉ የነዋሪዎች ማኅበራት አሉ። አርባ ሰው በአውቶቡስ ጭኖ ሳይናገሩ መግባት ነውር ነው። ደብዳቤ ቀድሞ ይድረስ፣ አስጎብኚውም ከዚያው መንደር ይሁን፣ ክፍያውም በግልጽ ይነገር። ድሮን ያለ ፈቃድ ይዞ መምጣት ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። አርባውንም አንድ ላይ አትንዱ። ለአርባ ሰው ጫጫታ የሚቆም ጉሬዛ የለም። አሥር አሥር ሆናችሁ ግቡ።

ገበሬውን ወደ አዳራሽ መጥራት

ኅዳር ላይ ቡና አምራቹን «ልምድ ያካፍሉን» ብሎ ከማሳው ማንሳት ግፍ ነው። እሸቱ እኩል አይቀላም። የቀላው እየተመረጠ ይለቀማል፣ አረንጓዴው ይቆያል፣ በሌላ ቀን እንደገና ይዞራል። የተለቀመው የሽቦ አልጋ ላይ ይሰጣል፣ በእጅ ይገላበጣል፣ ዝናብ ሲያንዣብብ ይሸፈናል። ጀንፈል እስኪሆን ሳምንታት ይፈጃል። አንድ ቀን ቸል ከተባለ ይሻግታል። እናንተ ሂዱ። ስትሄዱም ቆማችሁ ጥያቄ አትደርድሩ፣ አልጋው ዳር ሆናችሁ የተበላሸውን ፍሬ አብራችሁ ልቀሙ። እጁ ሥራ ላይ ያለ ሰው የተሻለ ያወራል።

አስተርጓሚውንም በደንብ ምረጡ። ሽማግሌው ሩብ ሰዓት ሙሉ በአፋን ኦሮሞ አውርተው «ደኑ ጥሩ ነው፣ እንጠብቀው ነው የሚሉት» ብሎ የሚያሳጥር አለ። የዛፉ ስም፣ የማሩ ወቅት፣ የአያታቸው ታሪክ መንገድ ላይ ቀረ ማለት ነው።

የጅሬን ፎቶ ይበቃናል ማለት

ጅሬን ኮረብታ ላይ ያለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት መታየት አለበት። ግን አሥራ አምስት ደቂቃ፣ የቡድን ፎቶ፣ ወደ ምሳ? ቢያንስ ከኮረብታው ላይ ከተማዋን ቁልቁል እያዩ የሚጽፉበት አንድ ሰዓት ስጡ። ሐሙስ ከዋላችሁ የገበያ ቀን ነው፣ እሱም እንዳያመልጣችሁ።

ውድድሩን በዘመድ መዳኘት

ዓመታዊ ሽልማት ካለ የጸሐፊው ስም ከጽሑፉ ላይ ይነሣ። ዳኞቹ ከኮሚቴው ውጭ ይሁኑ። በአፋን ኦሮሞ የተጻፈ ሥራ ስትቀበሉ ቋንቋውን የሚያነብ ዳኛ ይኑር። በጥድፊያ ተተርጉሞ የተዳኘ ጽሑፍ አሸንፎ አያውቅም። ዋንጫና የመስታወት ምስክር ወረቀት ከምትገዙ ደግሞ የጅማን ባለ ሦስት እግር በርጩማ ስጡ። ቤት ውስጥ ይቀመጡበታል።

ከሆቴሉ ጋር ሳይነጋገሩ ነጻ ክፍል መቀበል

በአሜሪካ የዚህ ዓይነት ጸሐፊዎች ብሔራዊ ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ1927 ጀምሮ አለ። እዚያ የየአካባቢው ማኅበራት ሲሰበሰቡ ከተሞቹ እንግዳ ተቀባይ የሚሆኑት ጽሑፍ ይወጣል ብለው ነው። የኛም ሆቴሎች ይህን እየለመዱ ነው። ክፉ አይደለም። ግን «ክፍሉ ነጻ ነው» ሲባል ምን እንደሚጠበቅ በግልጽ ተነጋገሩ። ውኃው ጠፍቶ ያደረ ጸሐፊ ውኃው ጠፍቶ ነበር ብሎ መጻፍ መቻል አለበት። የተቀበለውን ድጋፍም ለአንባቢው ይንገር። በዚህ ካልተስማሙ ክፍሉን ክፈሉበት።

ከዚያ የሚቀረው የመጨረሻው ቀን ነው። አብዛኛው ሰው በጠዋት ሻንጣውን ጭኖ ይሄዳል፣ ጽሑፉም አብሮት ይረሳል። ከመለያየታችሁ በፊት ግማሽ ቀን ለመጻፍ ብቻ ያዙ። ንግግር የለም፣ አበል የሚፈረምበት ወረቀት የለም። ቡና ይፈላል፣ ሰው ማስታወሻውን ይዞ ጥግ ጥጉን ይይዛል። የዛፍ ስም የጠፋበት ከአስጎብኚው ይጠይቅ። እሱም የዚያን ግማሽ ቀን ክፍያ ይቀበል።