በበዓል ሰሞን ወላጅ ለሞተባችሁ፣ ሸራ ጀልባ ላይ እንዴት ትንሽ መተንፈስ ይቻላል

አባቴ ያረፈው በዓሉ ሊገባ አራት ቀን ሲቀረው ነው። ከዛ ወዲህ በዓል በመጣ ቁጥር ስልኬ እንኳን አደረሳችሁ በሚል ሜሴጅ ይሞላል፣ እኔ ደግሞ ቀኑ እንዴት ይለፍልኝ እላለሁ፣ እና በሁለተኛው ዓመት አንድ ጓደኛዬ ጎትቶ ጀልባ ላይ አወጣኝ። ሀዘኑ አልወጣልኝም እንዳትሳሳቱ፣ ለሁለት ሰዓት ያህል ግን እጄ ስራ አገኘ።

ጀልባ ነድታችሁ የማታውቁ ከሆነ በበዓሉ ቀን አትጀምሩ። ሁለት ሶስት ሳምንት ቀድማችሁ አስተማሪ ፈልጉ፣ በበዓል ክፍት መሆናቸውንም ያኔውኑ ጠይቁ። ዝግ ከሆነ ዋዜማው ይሻላል፣ ለኔ እንደውም ከበዓሉ የሚከብደው ዋዜማው ነው።

ብቻችሁን ግን በጭራሽ አትውጡ። ሀዘን ላይ ያለ ሰው እንቅልፍ የለውም፣ ሀሳቡም ሌላ ቦታ ነው፣ የሸራው አግዳሚ እንጨት ደግሞ ጀልባዋ ስትዞር በጭንቅላት ቁመት ነው የሚያልፈው። ብዙ የማያወራ ሰው ይዛችሁ ሂዱ፣ የምትመለሱበትን ሰዓት መሬት ላይ ለሚቀር ሰው ንገሩ፣ ላይፍ ጃኬቱን ሳትሳፈሩ በፊት ልበሱና እሰሩ። በዓሉ ብርድ ላይ ከዋለ ደግሞ ከ15 ዲግሪ በታች የሆነ ውሃ ውስጥ መውደቅ በድንገት ያስቃትታል፣ ትንፋሽን ያዛባል፣ እና ከወደቃችሁ ለመዋኘት አትታገሉ፣ ትንፋሻችሁ እስኪመለስ አንድ ሁለት ደቂቃ በጀርባችሁ ተንሳፈፉ።

ነፋሱ ከ7 እስከ 10 ኖት ቢሆን ጥሩ ነው፣ በሰዓት ከ13 እስከ 19 ኪሎሜትር ገደማ ማለት ነው፣ ቅጠል ሳያቋርጥ ይንቀሳቀሳል ቀላል ባንዲራም ይዘረጋል። ውሃው ሁሉ ነጭ አረፋ ከሆነ ግን ተመለሱ።

አሁን ዋናው ነገር፣ ተሳፋሪ ሆናችሁ አትቀመጡ። ቁጭ ብሎ ውሃ ማየት እኔን የባሰ ነው ያስለቀሰኝ። መሪውን ተቀበሉ፣ የመሪውን እንጨት ወደ ግራ ስትገፉት ጀልባዋ ወደ ቀኝ ትሄዳለች፣ ይሄ ብቻውን አእምሮን ለግማሽ ሰዓት ይይዛል። ሸራው የፊት ጠርዙ ላይ ሲንቀጠቀጥ ሸራውን የሚስበውን ገመድ እስኪረጋ ሳቡ፣ ጀልባዋ በጣም ካዘነበለች ልቀቁት፣ ገመዱን ግን የትም ቦታ እንዳትቋጥሩት። ወደ ነፋሱ በቀጥታ መሄድ አይቻልም፣ በግራና በቀኝ 45 ዲግሪ ገደማ ሸሽቶ እየተጠማዘዙ ነው። (ይሄ ልክ እንደ ሀዘን ነው ያለኝ ሰው ብዙ ነው፣ ተውኝ፣ ጂኦሜትሪ ነው።)

እንባው ከመጣ፣ ይመጣልም፣ አካባቢው ላይ ሌላ ጀልባ አለመኖሩን እዩና ነፋሱ ከጎን እንዲመጣ አድርጋችሁ ገመዱን ሙሉ በሙሉ ልቀቁት። ሸራው ይርገበገባል፣ ጀልባዋ ቆመች ማለት ይቻላል። አልቅሱ። የሸራው ጩኸት ከናንተ ስለሚበልጥ አጠገባችሁ ያለውም ሰው በደንብ አይሰማችሁም፣ እኔ እንደዛ ጮኬ ያለቀስኩበት ሌላ ቦታ የለም።

ለቤተሰብ ቀድማችሁ ንገሩ። እኔ መጀመሪያ ዝም ብዬ ስለሄድኩ እህቴ "ዛሬም ጥለኸን ሄድክ" ብላ ተቀየመችኝ፣ እውነቷን ነው። ጠዋት ሂዱና ለምሳ ድረሱ፣ በተለይ የቀረው ወላጅ ብቻውን ገበታ ላይ እንዳይቀመጥ።

ደረቅ ልብስና ካልሲም ያዙ። ባለፈው ረስቼ እርጥብ እንደሆንኩ ገባሁና እናቴ ካልሲዬን እያስወለቀች ስትቆጣ ስትቆጣ፣ አባትህ እኮ መዋኘት እንኳን አይችልም ነበር ብላ መሀል ላይ ሳቀች።