ሁለት ካፕቸር ካርድ በአንድ ኮምፒውተር፦ ሁለተኛው ለምን ይጠቁራል?

ለፕሌይስቴሽን 5 እና ለካሜራዬ ሁለት የዩኤስቢ ካፕቸር ካርድ (ምስልን ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባ መሣሪያ) ሰክቼ ኦቢኤስን (የመቅረጫና የቀጥታ ስርጭት ሶፍትዌር) ስከፍት የጌሙ ጥርት ብሎ ይመጣል፣ የካሜራው ጥቁር። የካሜራውን ለብቻው ስሰካው ደግሞ ያለችግር ይሠራል። ስለዚህ ካርዱም ገመዱም ጤነኛ ናቸው፤ የጠበበው መንገዱ ነው።

ሒሳቡ ይኸውላችሁ፦ 1080ፒ በሰከንድ 60 ፍሬም፣ በዋይዩዋይ2 (በሚባለው የቪዲዮ ፎርማት) ሳይጨመቅ ሲላክ በሰከንድ 2 ጊጋቢት ገደማ ይበላል። ሁለቱ ሲደመሩ 4። ዩኤስቢ 3.0 ደግሞ 5 ይባል እንጂ ከኢንኮዲንግ (ዳታው ለመላኪያ ሲኮድ ከሚጨመሩት ቢቶች) በኋላ የሚተርፈው 4 ነው፤ እሱም በወረቀት ላይ። ሀብ (የዩኤስቢ ማብዣ) ገዝቶ መጨመር አንዱን ቧንቧ ለብዙ ቤት ማከፋፈል ነው፣ ብራችሁን አታባክኑ።

የዊንዶውስ ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ቪው ገብቼ «ዲቫይስስ ባይ ኮኔክሽን» የሚለውን ስመርጥ ሁለቱም ካርዶች አንድ ኮንትሮለር (የዩኤስቢ መሰኪያዎቹን የሚያስተዳድር ቺፕ) ስር ተደርድረዋል። አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ መሰካቱ ለካ ምንም አይለውጥም! የካሜራውን ወደ ፒሲአይ ኤክስፕረስ የዩኤስቢ ካርድ (ማዘርቦርዱ ላይ የሚሰካ፣ የራሱ ኮንትሮለር ያለው) አዛወርኩት፤ ወዲያው መጣ።

ላፕቶፕ የምትጠቀሙና እንዲህ ያለ ካርድ የማይገባላችሁ፣ ኦቢኤስ ላይ የካሜራውን ፕሮፐርቲስ ከፍታችሁ ሪዞሉሽኑን ከስተም፣ ቪዲዮ ፎርማቱን ኤምጄፔግ (የተጨመቀውን)፣ ፍሬሙን 30 አድርጉት። ጥግ ላይ ለምትታይ ትንሽ ፊት ልዩነቱ አይታወቅም። የጌሙን ግን አትንኩት።