የጀርመንኛ ብዙ ቁጥር፦ እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች የምንደጋግማቸው ስህተቶች

ጀርመንኛ ስትጀምሩ መጀመሪያ የሚያስጨንቃችሁ ዴር፣ ዲ፣ ዳስ ነው፤ ከስም ፊት እየቆሙ ጾታውን የሚያሳዩት መስተአምሮች። ብዙ ቁጥሩ ቆየት ብሎ ይመጣል። እስከዚያ ግን ሁለት ሦስት መቶ ቃል በነጠላው ብቻ ሸምድዳችኋል። ያን ሁሉ እንደገና ማጥናት አድካሚ ነው። ስለዚህ ስህተቶቹን ከጅምሩ ማወቅ ይሻላል።

የመጀመሪያው ስህተት እንደ «ኦች» ያለ አንድ ቅጥያ መፈለግ ነው። የለም። ቲሽ፣ ማለትም ጠረጴዛ፣ ሲበዛ ቲሸ ይሆናል። ኪንት (ልጅ) ኪንደር፣ ላምፐ (መብራት) ላምፐን፣ አውቶ (መኪና) አውቶስ፣ ሃውስ (ቤት) ደግሞ ሆይዘር ይባላል። ዝብርቅርቅ ይመስላል። ነገር ግን እኛስ ጋ «መጽሐፍ» «መጻሕፍት»፣ «ንጉሥ» «ነገሥታት» ይሆን የለ? ልጅ ሆነን ይህን በሕግ ያስተማረን የለም፤ ቃሉን ከነብዙው ለመድነው እንጂ። ጀርመንኛንም እንዲሁ ያዙት። ደብተራችሁ ላይ «ሃውስ» ብቻ ብላችሁ አትለፉ። «ዳስ ሃውስ፣ ዲ ሆይዘር» ብላችሁ ጻፉ፣ ጮክ ብላችሁም በሉት። የምትተማመኑባቸው ምልክቶችም አሉ። እንደ ቮኑንግ (መኖሪያ ቤት) በ«ኡንግ» ቅጥያ የሚያልቅ ስም ሁልጊዜ «ኤን» ይጨምራል፤ ቮኑንገን።

ሁለተኛው የእኛው የራሳችን ነው፤ በቀጥታ ከአማርኛ ይመጣል። እኛ «ሦስት ልጅ አለኝ»፣ «አራት ወንበር አምጣ» እንላለን። ቁጥሩ ከተነገረ ስሙን ማብዛት ግድ አይደለም። ጀርመንኛ ግን ይህን አይቀበልም። «ድራይ ኪንት» ስህተት ነው፤ «ድራይ ኪንደር» መባል አለበት። እኔን ከዚህ ያላቀቀችኝ አንዲት የገበያ ሻጭ ናት። ቅዳሜ ጠዋት ከፊቷ ቆሜ አራት ፖም ስፈልግ «ፊር አፕፈል» አልኩ። ፖሞቹን አንድ በአንድ ወደ ከረጢቱ እየከተተች፣ ረጋ ብላ «ፊር ኤፕፈል» አለች። አላረመችኝም፣ ቃሉን ብቻ አስተካክላ መለሰችልኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ያ ቃል ጠፍቶኝ አያውቅም። መለኪያና ገንዘብ ላይ ግን ብዙውን ጊዜ እንደ እኛው ናቸው። «ድራይ ኦይሮ»፣ «ጽቫይ ኪሎ ካርቶፈልን» ይላሉ። ልብ በሉ፤ ኪሎው አልበዛም፣ ድንቹ ግን በዝቷል።

ያ የፖም ታሪክ ወደ ሦስተኛው ይወስደናል። አናባቢውን መለወጥ መርሳት። አንዳንድ ስም መጨረሻው ላይ ምንም አይጨምርም፣ መሐሉ ብቻ ይለወጣል። አባት ፋተር ነው፣ አባቶች ፌተር። እናት ሙተር ነው፤ ሲበዛ «ኡ»ው ፊደላችን በደንብ ወደማይዘው ድምፅ ይሄዳል። ምላሳችሁን «ኢ» ለማለት አዘጋጁ፣ ከንፈራችሁን ግን «ኡ» እንደምትሉ አሞጥሙጡ። መስታወት ፊት ሞክሩት። ይህን ለውጥ ለማሳየት ጀርመኖች አናባቢው ላይ የሚጽፏቸው ሁለት ነጥቦች የፊደል ጌጥ አይደሉም። ባንክን ውሰዱ፤ ባንከን ካላችሁ የገንዘብ ባንኮች ናቸው፣ ቤንከ ካላችሁ ግን አግዳሚ ወንበሮች።

በአንጻሩ ጨርሶ በማይለወጥ ስም ላይ የሆነ ነገር መለጠፍም አለ። ሌረር አስተማሪ ነው፤ አስተማሪዎችም ሌረር ናቸው። ፌንስተር መስኮትም መስኮቶችም ነው። ታዲያ በምን ይለያል? በመስተአምሩና በግሱ። «ዴር ሌረር ኮምት» አስተማሪው ይመጣል፤ «ዲ ሌረር ኮመን» አስተማሪዎቹ ይመጣሉ። እዚህ ላይ አንድ አደጋ አለ። ዲ የአንስታይ ጾታ ምልክት ሆና ስለተዋወቀችን «ዲ ኪንደር» ስናይ ልጅ አንስታይ ይመስለንና «ዲ ኪንት» እንላለን። ሲበዛ ሁሉም ዲ ነው። ጾታውን ከነጠላው ብቻ ውሰዱ፤ ዳስ ኪንት።

እንግሊዝኛ የምንችል ሰዎች ደግሞ «ኤስ» ይቀናናል። አውቶስና ሆቴልስ ትክክል ናቸው፣ «ኮምፒውተርስ» ግን አይደለም። ኮምፒውተር ሲበዛም ኮምፒውተር ነው። ከሁሉ የሚያምታታን ቪዛ ነው። እኛ ለአንዱም ቪዛ እንላለን። በጀርመንኛ አንዱ ቪዙም ነው፤ ቪዛ ራሱ ብዙ ቁጥር ነው። ስለዚህ «አይን ቪዛ» ማለት አይሆንም። «ቪዛስ» ማለትም «መጻሕፍቶች» እንደማለት የበዛውን መልሶ ማብዛት ነው። ፕራክቲኩም፣ የሥራ ልምምዱ፣ ሲበዛ ፕራክቲካ ነው። «ፕራክቲካስ» ከጀርመኖቹ አፍም ትሰማላችሁ፤ እናንተ ግን ፈተና ላይ አትጻፉት።

የመጨረሻዋ ትንሽ ናት፣ ግን ነጥብ ታስቆርጣለች። እንደ ሚት («ከ... ጋር») ያሉ፣ ስሙን ዳቲቭ በሚባለው የሰዋስው መልክ የሚፈልጉ ቃላት ሲቀድሙ፣ ብዙ ቁጥሩ መጨረሻ ላይ «ን» ይጨመራል። ዲ ኪንደር፣ ሚት ዴን ኪንደርን፤ ዲም እዚህ ዴን ትሆናለች። ሲነገር ትዋጣለችና ጆሯችሁን አትመኑ፤ እጃችሁን አስለምዱት። ስሙ ቀድሞውኑ በ«ን» ካለቀ ሌላ አይጨመርም። በ«ኤስ» የሚበዛውም አይነካም፤ ሚት ዴን አውቶስ።