ፌስታሉ ጠረጴዛ ላይ ሲዘረገፍ፦ ለጀማሪ የታክስ አዘጋጅ

በአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂንያ፣ ከእንጀራ መሸጫ በላይ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ የሰው ታክስ መሥራት ከጀመርኩ አሥራ አራት ዓመት ሆነኝ። ከደንበኞቼ ገሚሱ ኡበርና ሊፍት ይነዳሉ፤ የቀሩት በመኪና ማቆሚያ፣ በሆስፒታልና በሆቴል ይሠራሉ። ዘንድሮ አንዲት ወጣት ረዳት ቀጥሬ ነበር። ሶፍትዌሩን በሁለት ቀን ለመደችው፤ ደንበኛን መጠየቅ ግን የታክሱን ወቅት ሙሉ ፈጀባት። ለእሷ የነገርኳትን ነው እዚህ የማሰፍረው።

ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚመጣው ፌስታል ነው። በፌብሩዋሪ አንድ ጋሼ «ልጄ፣ ሁሉም እዚህ አለ» ብለው ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፉልኝ፤ የዘይት መቀየሪያ ደረሰኝ፣ የመኪና እጥበት፣ የኢዚፓስ (የመንገድ ክፍያ) ወረቀት፣ አራት የዲሲ የካሜራ ቅጣት፣ የፋሲካ ዶሮ ደረሰኝ ሳይቀር። ቅጣቶቹን መጀመሪያ ለቅማችሁ መልሱ። የትራፊክ ቅጣት ከገቢ አይቀነስም። «ሥራ ላይ እያለሁ እኮ ነው የተቀጣሁት» ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው፣ ግን አያዋጣም።

ከዚያ 1099-ኬ የሚባለውን ቅጽ ፈልጉ። እዚያ ላይ የተጻፈው ተሳፋሪዎች የከፈሉት ጠቅላላ ገንዘብ እንጂ የሾፌሩ ባንክ የገባው አይደለም። የጋሼ ቅጽ 61,400 ዶላር ይላል፤ ባንካቸው የገባው 43,500 ነው (ቁጥሮቹን ለምስጢር ስል ቀይሬያቸዋለሁ)። «ይህን ገንዘብ በዓይኔም አላየሁት!» ብለው ተቆጡ። አዎ፣ አላዩትም። ልዩነቱ 17,900 ዶላር የኩባንያው ኮሚሽንና ልዩ ልዩ ክፍያ ነው፤ ኩባንያው በየዓመቱ በሚያወጣው የታክስ ማጠቃለያ ላይ ተዘርዝሮ ይገኛል። ረዳቴ 43,500ውን ብቻ ጽፋ ነበር። እንዲህ ከሆነ አይ አር ኤስ (የአሜሪካ የታክስ መሥሪያ ቤት) እጅ ካለው ቁጥር ጋር ስለማይገጥም ደብዳቤ ይመጣል። 61,400ውን ጽፎ ኮሚሽኑን መቀነስ የሚረሳም አለ፤ ያኔ ሰውየው ባልበሉት ገንዘብ ታክስ ይከፍላሉ። ስኬጁል ሲ በሚባለው፣ የግል ሥራ ገቢና ወጪ በሚጻፍበት ቅጽ ላይ ጠቅላላው ከላይ ይግባ፣ ኮሚሽኑ ደግሞ ከወጪዎቹ ጋር ይቀነስ።

ማይል ላይ ጊዜ ውሰዱ። በ2025 የተነዳ አንድ የሥራ ማይል 70 ሳንቲም ያስቀንሳል፤ በ2024 ደግሞ 67 ነበር። ለሾፌር ከትልልቆቹ ወጪዎች አንዱ ይህ ነው፤ ግምትም ሆነ ውሸት ሾልኮ የሚገባው በዚሁ በር ነው። ጋሼ «አርባ ሺህ ብለሽ ጻፊ» አሉኝ። እንዲህ ያለ ድፍን ቁጥር ስሰማ እስክሪብቶዬን አስቀምጣለሁ። የዘይት መቀየሪያ ደረሰኞቹን በቀን ደረደርኳቸው። መካኒኩ ጃንዋሪ መጀመሪያ ላይ 84,210፣ ዲሴምበር መጨረሻ ላይ 116,480 ብሎ መዝግቧል። መኪናው ለቤተ ክርስቲያኑም፣ ለገበያውም፣ ለልቅሶውም የሄደው ተደምሮ 32,270 ማይል ነው ማለት ነው። «ጋሼ፣ አርባ ሺሁ ከየት መጣ?» ብላቸው ሳቁ። በኩባንያው ማጠቃለያ ላይ ያለው 21,900 ነበር፤ እሱን ያዝን፣ 15,330 ዶላር አስቀነሰላቸው። የዘይት ደረሰኝ የሌለው ደንበኛ ቢገጥማችሁ የቨርጂንያን ዓመታዊ የመኪና ምርመራ ወረቀት አስመጡ፤ ማይሉ እዚያም ይጻፋል።

በማይል የሚሰላለት ሰው ቤንዚኑን፣ ዘይቱን፣ ጥገናውንና ኢንሹራንሱን እንደገና አይቀንስም፤ ሁሉም በ70 ሳንቲሙ ውስጥ አሉ። ለሥራ የተከፈለ የመንገድ ክፍያና የመኪና ማቆሚያ ግን ለብቻ ይቀነሳል፤ የኢዚፓሱን ወረቀት ከቅጣቱ ጋር እንዳትመልሱት።

ይህ ሁሉ ተቀናንሶ ከተረፈው ላይ ደግሞ ከመደበኛው የገቢ ታክስ ሌላ 15.3 በመቶ የሚሰላ የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር (የጡረታና የአረጋውያን ሕክምና መድን) ድርሻ አለ። ጋሼ ላይ ወደ 4,000 ዶላር ወጣ። «አምና እኮ ተመላሽ ነበረኝ!» አምና በደብሊው-2 ተቀጥረው ይሠሩ ነበር፤ አሠሪያቸው በየደሞዙ ይቆርጥላቸው ነበር። የዘንድሮው እንዳይደገም በየሩብ ዓመቱ የሚከፈለውን ግምታዊ ታክስ እዚያው አስልታችሁ ቀኖቹን በወረቀት ስጧቸው፤ ኤፕሪል 15፣ ጁን 15፣ ሴፕቴምበር 15፣ ጃንዋሪ 15። በቃል የተነገረ ቀን ደረጃው ላይ ይረሳል።

«አገር ቤት ያለችውን እናቴን ታክሴ ላይ ላስገባት?» የሚለውን በየሳምንቱ እሰማለሁ። በየወሩ 300 ዶላር ይልካሉ፤ የሐዋላውን ደረሰኝ አንድ በአንድ አስቀምጠዋል። መልሱ አይቻልም ነው። ጥገኛ ተብሎ የሚገባ ሰው የአሜሪካ ዜጋ ወይም ነዋሪ፣ ያለዚያ የካናዳ ወይም የሜክሲኮ ነዋሪ መሆን አለበት፤ ደሴ ያለች እናት ሙሉ ቀለቧ ከእሱ ቢሆንም አትገባም። ለቤተሰብ የተላከ ገንዘብም እንደ በጎ አድራጎት አይቆጠርም። ይህን ስትናገሩ ኮምፒውተሩን እያያችሁ አይሁን፤ ሰውየው ለእናቱ ያደረገውን ዋጋ የነፈጋችሁበት ይመስለዋል። እናት ግሪን ካርድ ይዛ እዚህ ከመጣች ነገሩ ይለወጣል፤ የ2025 ገቢዋ ከ5,200 ዶላር በታች ከሆነና ከወጪዋ ከግማሽ በላይ የሚችላት ልጇ ከሆነ ትገባለች።

የእኛን ስም የሚያውቅ ሶፍትዌር የለም። አባት በአባቱ፣ እናት በአባቷ፣ ልጅ ደግሞ በአባቱ ስም ይጠራል፤ አንድ ቤት ውስጥ ሦስት የመጨረሻ ስም ማለት ነው። አይ አር ኤስ የመጨረሻውን ስም የመጀመሪያ አራት ፊደላት ከሶሻል ሴኩሪቲ መዝገብ ጋር ያስተያያል፤ ካልገጠመ የላካችሁት ፋይል ይመለሳል። የአንድ ሕፃን ካርድ ላይ የአያቱ ስም መጨረሻ ላይ መግባቱን ሳላይ ሦስት ጊዜ ልኬ ሦስት ጊዜ ተመልሶብኛል። መንጃ ፈቃድ ወይም የወላጅ ቃል አይበቃም፤ ሶሻል ሴኩሪቲ ካርዱን በዓይናችሁ እዩ።

አገር ቤት የባንክ ሒሳብ እንዳላቸው ሁሉንም ጠይቁ፤ ራሳቸው አያነሱላችሁም። ሒሳቦቹ በአንድነት በዓመቱ ውስጥ በማናቸውም ቀን ከ10,000 ዶላር ካለፉ ኤፍባር የሚባለው ሪፖርት ግዴታ ነው። ትልቁ የብር መጠን የሚመነዘረው በዓመቱ የመጨረሻ ቀን ምንዛሪ ነው። ጁላይ 29 ቀን 2024 የብር ምንዛሪ ለገበያ ስለተለቀቀ፣ በ2023 ከገደቡ በላይ የነበረ አንድ ሚሊዮን ብር በ2024 ከገደቡ በታች ወርዷል። ስለዚህ ያለፈውን ዓመት መልስ ገልብጣችሁ አትለፉ።

«ኦቨርታይም ታክስ የለበትም ተብሏል» ለሚል ደንበኛ እንዲህ አስረዱት፤ በሰዓት 20 ዶላር እያገኘ ለትርፍ ሰዓት 30 ከተከፈለው፣ ታክስ ከሚሰላበት ገቢ የሚቀነሰው አሥሩ ብቻ ነው። ሶሻል ሴኩሪቲና ሜዲኬርም እንደ ወትሮው ይቆረጣሉ።

አንዳንዱን ሥራ ደግሞ መመለስ ልመዱ። አንድ ጣሪያ ሥር የሚኖሩ ባልና ሚስት ሁለቱም ለየብቻ ሄድ ኦፍ ሃውስሆልድ (ቤቱን ብቻውን የሚያስተዳድር ሰው የሚገባበት መደብ) እንድላቸው ጠየቁኝ፤ «አምና ሌላ ቦታ እንዲህ ነው የሠሩልን» አሉ። ዓመቱን ሙሉ አብረው ኖረዋልና አይቻልም። የአምናውን ወረቀት ሳየው አዘጋጁ አልፈረመበትም፤ ነገሩ ግልጽ ሆነልኝ። ሠርቶ የማይፈርም ሰው የሚያመልጠው ራሱ ነው፤ ደብዳቤው የሚመጣው ደንበኛው ቤት ነው። እኔ የራሴን የአዘጋጅነት ቁጥር አስገብቼ እፈርማለሁ፤ ቅጽ 8867 ላይም ጠይቄ እንዳጣራሁ አረጋግጣለሁ። ሳላጣራ ብቀር ቅጣቱ ለአንድ ጉድለት ከ600 ዶላር በላይ ነው፤ ለሥራው የማስከፍለው የዚያን ሲሶ አይሞላም። ባልና ሚስቱ ተነሥተው ሄዱ። ቡናቸውን እንኳ አልጨረሱም።

መክፈል የማይችል ደንበኛ ደግሞ ጨርሶ መጥፋት ይቀናዋል። ባይከፍልም በጊዜው ያስገባ፤ ባለማስገባት የሚመጣው ቅጣት በወር 5 በመቶ ነው፣ አስገብቶ ባለመክፈል የሚመጣው ግን ግማሽ በመቶ። የክፍፍል ክፍያ ስምምነት መጠየቅም ይቻላል። ቅጽ 4868 እስከ ኦክቶበር 15 የሚያራዝመው ማስገቢያውን ብቻ ነው፤ ገንዘቡ ኤፕሪል 15 ላይ ይፈለጋል። ይህን በትልልቁ ጽፌ በሬ ላይ ለጥፌዋለሁ፤ ያም ሆኖ በየዓመቱ ኤፕሪል 16 ጠዋት ስልኬ ይጮኻል።