በእንግሊዝኛ ሲያወዳድሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የሐዋሳ ተማሪ «ሐዋሳ ከአዲስ አበባ ትሞቃለች» ብሎ ሲጽፍ አማርኛው አንዳች ጉድለት የለበትም። የማወዳደሩን ሥራ «ከ» ብቻዋን ትወጣዋለች፤ ግሱ ምንም ተጨማሪ ምልክት አያስፈልገውም። እንግሊዝኛ ግን ሥራውን ለሁለት ያካፍላል፦ ቅጽሉ ራሱ መልኩን ይለውጣል፣ ከዚያም «ዛን» የሚለው ቃል ተወዳዳሪውን ያስከትላል። በዚህ የሰዋስው ክፍል ከሚታዩት ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመነጩት ከዚህ ልዩነት ስለሆነ፣ የፖዘቲቭ (ያልተለወጠው ቅጽል)፣ የኮምፓራቲቭ (ሁለት ነገሮችን የሚያበላልጠው) እና የሱፐርላቲቭ (ከሁሉም የሚበልጠውን የሚናገረው) ዲግሪ ሠንጠረዥን ከመሸምደድ በፊት ልዩነቱን መረዳት ይበጃል።

በየደብተሩ ቀድሞ የሚገኘው ስህተት «ሐዋሳ ኢዝ ሆት ፍሮም አዲስ አበባ» የሚለው ነው። እዚህ ላይ ጥፋቱ ድርብ ነው፤ «ሆት» ወደ «ሆተር» አልተለወጠም፣ «ከ» ደግሞ በ«ዛን» ፈንታ በ«ፍሮም» ተተክታለች። «ፍሮም» መነሻን የሚያመለክት ቃል በመሆኑ ከሐዋሳ ወደ ሻሸመኔ ለሚጓዝ ሰው ያገለግላል እንጂ ሁለት ነገሮችን ለማበላለጥ አይሆንም። ትክክለኛው «ሐዋሳ ኢዝ ሆተር ዛን አዲስ አበባ» ነው። ሁለቱ ቃላት ተገቢ ቦታቸውን ይዘው በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚገናኙበት ጊዜም አለ። አዳማ ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሐዋሳ ደግሞ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚርቁ፣ «ሐዋሳ ኢዝ ፋርዘር ፍሮም አዲስ አበባ ዛን አዳማ» ማለት ይቻላል። በዚህ ውስጥ «ፍሮም» ርቀቱ የሚለካበትን መነሻ፣ «ዛን» ደግሞ ተወዳዳሪዋን ከተማ ያስከትላሉ። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር በሚገባ የመረመረ ተማሪ ሁለቱን ቃላት ዳግመኛ ያምታታል ብዬ አልገምትም።

ቅጽሉ መለወጥ እንዳለበት የተረዳ ተማሪ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከልኩ ያልፍና «ሞር ሆተር» ወይም «ሞር ቤተር» ብሎ ይጽፋል። አንድ ቅጽል የብልጫ ምልክት የሚወስደው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እንደ «ቶል» እና «ቢግ» ያሉ ባለ አንድ ቀለም (ባለ አንድ ሲላብል) ቃላት መጨረሻቸው ላይ ቅጥያ ይጨምራሉ፤ እንደ «ቢዩቲፉል» እና «ኤክስፔንሲቭ» ያሉ ረጃጅሞች «ሞር» እና «ሞስት» ያስቀድማሉ። ባለ ሁለት ቀለሞቹ አስቸጋሪዎች ናቸው፤ «ሃፒ» ቅጥያ ወስዶ «ሃፒየር» ሲሆን፣ «ኬርፉል» ግን በ«ሞር» ይሄዳል፤ «ክሌቨር» በሁለቱም መንገድ ሊገባ ይችላል። «ጉድ»፣ «ቤተር»፣ «ቤስት» እና «ባድ»፣ «ወርስ»፣ «ወርስት» ለየትኛውም ደንብ ስለማይገዙ ከመሸምደድ ሌላ መንገድ የላቸውም።

«በጣም» የምንለው ቃል ሁለት የተለያዩ ስህተቶችን ይወልዳል። የመጀመሪያው «ቬሪ ሃየር» ማለት ነው። «ቬሪ» የሚስማማው ካልተለወጠ ቅጽል ጋር በመሆኑ፣ ከኮምፓራቲቭ ፊት «መች» ወይም «ፋር» መግባት አለበት። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች፣ ልዩነቱን ለማጉላት «አዲስ አበባ ኢዝ መች ሃየር ዛን ሐዋሳ» ይባላል። ሁለተኛው ስህተት ከዚህ የበለጠ ትርጉም ያዛባል። «በስምጥ ሸለቆው በጣም ጥልቁ ሐይቅ ሻላ ነው» ስንል ከሁሉም የሚበልጥ ማለታችን ነው፤ ይህን «ቬሪ ዲፕ ሌክ» ብሎ የጻፈ ሰው ግን የተናገረው ሐይቁ ጥልቅ መሆኑን ብቻ ነው። ሻላ 266 ሜትር ያህል ጥልቀት ስላለው ከኢትዮጵያ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ቀዳሚ ነው፤ ስለዚህ «ዘ ዲፐስት ሌክ» ይባላል፣ «ዘ» የምትለዋ ቃልም መቅረት የለባትም። ቦታ ሲከተል «ኢን»፣ የሐይቆቹ ስብስብ ሲከተል ደግሞ «ኦፍ» ይገባል። «ዋን ኦፍ ዘ» ብሎ የጀመረ ሰው ስሙን በብዙ ቁጥር መጨረስ ግዴታው ነው፤ «ዋን ኦፍ ዘ ቢገስት ሲቲ» ስህተት፣ «ሲቲስ» ትክክል ነው።

ሁለት ነገሮች እኩል ሲሆኑ ቅጽሉ አይነካም። ቆሮሶ እንደ አምባዛ ይጣፍጣል ለማለት «አዝ ቴስቲ አዝ» እንጂ «አዝ ቴስቲየር አዝ» አይባልም፤ እኩልነቱን ግን በሐዋሳው የዓሣ ገበያ በአሞራ ገደል ዓሣ የሚመገብ ሰው ሁሉ ይቀበለዋል ማለት አይደለም።

ቅርጹ ተስተካክሎ ሐሳቡ የሚሳሳትባቸው ቦታዎች ከሁሉ ይበልጥ ጥንቃቄ ይሻሉ፤ እንደ እኔ አስተያየት በክፍል ውስጥ የሚገባቸውን ያህል ትኩረት አያገኙም። «ራስ ዳሽን ኢዝ ሃየር ዛን ኤኒ ማውንቴን ኢን ኢትዮጵያ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ተራራውን ከራሱ ጋር ያወዳድረዋል፤ ራስ ዳሽንም የኢትዮጵያ ተራራ ነውና። «ኤኒ አዘር ማውንቴን» ሲባል ይስተካከላል። ተወዳዳሪው ከስብስቡ ውጭ ከሆነ ግን «አዘር» አያስፈልግም፤ የኬንያ ተራራ በኢትዮጵያ ውስጥ ስላልሆነ «ማውንት ኬንያ ኢዝ ሃየር ዛን ኤኒ ማውንቴን ኢን ኢትዮጵያ» ምንም አይጎድለውም። እንዲሁም «ዘ ክላይሜት ኦፍ ሐዋሳ ኢዝ ዋርመር ዛን አዲስ አበባ» ሲባል የአየር ጠባይ ከከተማ ጋር ተወዳድሯል። ጠንቃቃ አማርኛ «ከአዲስ አበባው» ብሎ ይህን እንደሚለይ ሁሉ፣ እንግሊዝኛውም «ዛን ዛት ኦፍ አዲስ አበባ» ይላል፤ ስሙ በብዙ ቁጥር ከሆነ «ዛት» በ«ዞዝ» ይተካል።

ከዚህ ሌላ «ሌስ» ለማይቆጠር፣ «ፊወር» ለሚቆጠር ነገር መሆናቸውን መለየት ያስፈልጋል፤ ትራፊኩ «ሌስ»፣ ባጃጆቹ «ፊወር» ናቸው። ጥቂት ቃላት ደግሞ ብልጫን ቢያመለክቱም «ዛን»ን አይቀበሉም፤ «ሲኒየር»፣ «ጁኒየር»፣ «ሱፒሪየር» እና «ፕሪፈር» የሚከተላቸው «ቱ» ነው። ከሥጋ ይልቅ ዓሣ የሚመርጥ ሰው «አይ ፕሪፈር ፊሽ ቱ ሚት» ይላል፤ «ፕሪፈር» የብልጫን ትርጉም በውስጡ ስለያዘ «ሞር» አይጨመርበትም።