«እጄ መሪ ላይ ነው»፦ በብሉቱዝና በጆሮ ማዳመጫ እየተነጋገሩ የሚያሽከረክሩ ሰዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቤቱ ለገጣፎ፣ ሰበታ ወይም ገላን፣ ሥራው ደግሞ አዲስ አበባ መሀል የሆነ ሰው በየቀኑ ረጅም ሰዓት መሪ ላይ ያሳልፋል። በዚያ ሰዓት ውስጥ ደላላው ይደውላል፣ ዕቃ ያስጫነው ነጋዴ ይደውላል፣ ከቤት «ዳቦ ይዘህ ና» ይባላል። ስልኩን በእጅ ይዞ ማነጋገር እንደሚያስቀጣ ሁሉም ያውቃል፤ ስለዚህ ብዙው አሽከርካሪ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ሰክቶ ወይም የመኪናውን ብሉቱዝ ከፍቶ ከሕጉም ከአደጋውም የዳነ ይመስለዋል። በከተማዋ ዳርቻ መንገዶች ላይ የማያቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚህ እምነት የሚመነጩ ናቸው።

የመጀመሪያው ስህተት የሌላ አገርን ሕግ እንደ ራስ ሕግ መያዝ ነው። ከውጭ አገር የመጣ ዘመድ «እኛ ጋ በብሉቱዝ ማውራት ይፈቀዳል» ካለ ነገሩ ያለቀለት ይመስለናል። ግን «እኛ ጋ» የት ነው? በአሜሪካ ሕጉ ከግዛት ግዛት ይለያያል። ኒው ዮርክ ስልክን በእጅ ይዞ ማነጋገርን የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ2001 ሲሆን ካሊፎርኒያ ደግሞ በ2008 ነው፤ ካሊፎርኒያ ውስጥ ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች የሆነ አሽከርካሪ በብሉቱዝም ቢሆን ማነጋገር አይችልም። በፈረንሳይ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2015 ጀምሮ በጆሮ ማዳመጫ እያወሩ መንዳት ራሱ ያስቀጣል። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2003 ወዲህ በእጅ መያዝን ከልክላ እጅ የማያስይዘውን ብትፈቅድም፣ አሽከርካሪው ሐሳቡ ተበትኖ መኪናውን በአግባቡ አልተቆጣጠረም ከተባለ በጥንቃቄ ጉድለት ይከሰሳል። እዚህ የምንዳኘው በአገራችን ደንብ ነው። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የመንገድ ትራንስፖርት ትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ከዚያ ወዲህ ተሻሽሏል፤ መንጃ ፈቃድ ሲያወጡ የተማሩት የቅጣት ሠንጠረዥ ዛሬ ያለው ላይሆን ይችላል። መተማመኛው በሥራ ላይ ያለውን ደንብ ከነጋሪት ጋዜጣ ማንበብ ነው እንጂ የጓደኛ ወሬ አይደለም።

ሁለተኛው፣ እጅ የሚያስይዘውን ነገር እጅ እንደማያስይዝ መቁጠር ነው። ስልኩን ጭን ላይ አስቀምጦ ድምፁን ጮክ አድርጎ ማነጋገር፣ ከጆሮና ከሻሽ መካከል መሸጎጥ፣ ወይም አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ጥሎ በየደቂቃው ዘንበል ብሎ መንካት በእጅ ከመያዝ አይለይም። ዘንበል ያለ ሰው መንገዱን አያይም። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ3 ሴኮንድ 50 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ከቱሉ ዲምቱ በሚነሳው የአዳማ የፍጥነት መንገድ ላይ በ100 የሚነዳ ደግሞ በዚያው 3 ሴኮንድ ከ80 ሜትር በላይ ይሄዳል። ማን እንደደወለ ለማየት የሚፈጀው ጊዜ ይኸው ነው።

ሦስተኛው ከሁሉም የከፋው ነው፤ ጥሩ አሽከርካሪዎችም ይሳሳቱታል። እጅ ነጻ ከሆነ አእምሮም ነጻ ነው ብሎ ማመን። አንድ የክረምት ጠዋት ከእንጦጦ ወደ ሱሉልታ በሚወርደው መንገድ ሚኒባስ ውስጥ ጋቢና ተቀምጬ ነበር። ጭጋጉ ገና አልተገፈፈም። ሾፌሩ አንድ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ፣ ሁለት እጁን መሪው ላይ አድርጎ፣ ዓይኑን ወደፊት ተክሎ ከታናሽ ወንድሙ ጋር የቆርቆሮ ዋጋ ይነጋገራል። «ስንት አለህ? አይሆንም፣ ቀንስ በለው። ባለፈው የገዛነው እኮ…» ከፊታችን ገለባ የተጫኑ ሦስት አህዮች የመንገዱን ዳር ይዘው ይሄዳሉ፤ አንዷ ወደ አስፋልቱ መሀል ታዘነብል ጀመር። ከሩቅ ትታያለች። የሾፌሩ እግር ግን ከነዳጁ አልተነሳም። ከኋላ ረዳቱ «ኧረ አህያ! አህያ!» ብሎ ሲጮህ ነው ፍሬን የያዘው፤ መኪናው ተንሸራቶ ከገለባው ጫፍ አንድ ክንድ ሲቀረው ቆመ። ሾፌሩ ደንግጦ «አላየኋትም» አለ። እውነቱን ነው። ዓይኑ ወደ እሷ እያየ አላያትም፤ ልቡ ቆርቆሮ መሸጫው ዘንድ ነበረ።

ይህን በጥናት የተመለከቱ አሉ። እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመና በቶሮንቶ ከተማ አደጋ ያደረሱ 699 ባለስልክ አሽከርካሪዎችን የስልክ ጥሪ መዝገብ የመረመረ ጥናት፣ በስልክ በሚነጋገሩበት ሰዓት የመጋጨት ዕድላቸው በአራት እጥፍ ገደማ እንደሚጨምር አሳይቷል። እጅ የማያስይዝ መሣሪያ የተጠቀሙት ከሌሎቹ የተሻለ ደኅንነት እንዳላቸው ግን አላገኘም። የዓለም ጤና ድርጅትም እጅ የማያስይዘው ስልክ በእጅ ከሚያዘው ብዙም የተሻለ ደኅንነት የለውም ይላል። በአሜሪካ የትራንስፖርት አደጋዎችን የሚመረምረው ብሔራዊ ቦርድ እ.ኤ.አ. በ2011 እጅ የማያስይዘውም ጭምር እንዲከለከል ለግዛቶቹ ሐሳብ ያቀረበው በዚሁ ምክንያት ነው።

«ታዲያ ከተሳፋሪ ጋር ማውራትስ?» ብሎ የሚጠይቅ አለ፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። ጋቢና የተቀመጠ ሰው አህያዋን አብሮ ያያል። መንገዱ ሲጠብ ዝም ይላል፣ አንዳንዴም ቀድሞ ይጮሃል። መርካቶ ሱቅ ውስጥ ሆኖ የደወለው ሰው ግን ጭጋጉንም ቁልቁለቱንም ስለማያይ፣ ልክ ፍሬን መያዝ በሚያስፈልግበት ቅጽበት «ሃሎ፣ ትሰማኛለህ?» ይላል።

አራተኛው ስህተት ሁለቱንም ጆሮ መድፈን ነው። የአምቡላንስ ድምፅ፣ ከኋላ የሚመጣ የሲኖትራክ ጥሩንባ፣ ከባጃጅ ውስጥ «ቁም!» የሚል ጩኸት ሁሉ በጆሮ የሚደርስ ማስጠንቀቂያ ነው። በሞተር ብስክሌት ዕቃ የሚያደርሱ ወጣቶች ከራስ ቁራቸው ሥር በሁለቱም ጆሮዎቻቸው ማዳመጫ ሰክተው ቃሊቲ መንገድ ላይ በከባድ መኪኖች መካከል ሲሹለከለኩ ሳይ እጅግ እፈራላቸዋለሁ። እባካችሁ፣ ቢያንስ አንዱን አውጡት።

አምስተኛው፣ «መኪናው ቆሟል» የሚለው ማመካኛ። በመጨናነቅ የቆመ መኪና ቆመ አይባልም፤ ሞተሩ አልጠፋም፣ ማርሹ ገብቷል፣ እግሩ ፍሪሲዮን ላይ ነው። በእንግሊዝ ሕግ በትራፊክ መብራት ላይ ቆሞ ስልክ በእጅ መያዝ ከማሽከርከር እኩል ይታያል። በእኛ መንገድ ደግሞ በቆሙት መኪኖች መካከል ውኃና ማስቲካ የሚሸጡ ልጆች አሉ። ሰልፉ ድንገት ሲንቀሳቀስ ከመልእክት ላይ ቀና ብሎ የሚነሳ ሾፌር ከመኪናው ፊት የጎነበሰውን ልጅ አያየውም።

በመተግበሪያ የሚሠሩ የሜትር ታክሲ አሽከርካሪዎች ለብቻው ሊነሳላቸው የሚገባ ችግር አለባቸው። ለእነሱ ስልኩ ራሱ የእንጀራ መሣሪያ ነው፤ ጥሪው በተወሰነ ሴኮንድ ውስጥ ካልተነካ ለሌላ ያልፋል። ስለዚህ «አትንኩት» ብሎ ማለፍ ግፍ ይሆናል። ሊደረግ የሚችለው ግን አለ። ስልኩ ከዓይን ደረጃ ብዙ ዝቅ በማይል፣ መንገዱን ግን በማይጋርድ ቦታ ላይ በጠንካራ መያዣ ይታሰር። የመንገድ ካርታው መኪናው ሳይነሳ ይስተካከል፤ ድምፁም ይከፈት። ተሳፋሪውን «የት ጋ ነዎት?» ብሎ መፈለግ በተለይ እንደ ጣፎና አያት ጫፍ ባሉ፣ የቤት ቁጥር በማይታወቅባቸው አዳዲስ ሰፈሮች ብዙ ንግግር ይጠይቃል፤ ያንን ዳር ይዞ ቆሞ መጨረስ ይገባል። ተሳፋሪዎችም ሲያዝዙ ታዋቂ ምልክት ቀድመው ቢጽፉ የሾፌሩን ግማሽ ጥሪ ያስቀሩለታል።

ሌላው ስህተት የሕጉን ነገር በትራፊክ ፖሊስ የቅጣት ወረቀት ብቻ መለካት ነው። «ብቀጣ ስንት ነው?» የሚል ሰው የወንጀል ሕጉን አላሰበም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን ይመለከታል። የሌላውን ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበት ሰው፣ ሕጉ ሾፌርንም በስም ያነሳል፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት በሚደርስ ቀላል እሥራትና በገንዘብ ይቀጣል። የሞቱት ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ከሆኑ፣ ወይም አሽከርካሪው ግልጽ የሆነን ደንብ እያወቀ ከጣሰ ደግሞ ቅጣቱ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እሥራት ይሆናል። «ማዳመጫ ነበረኝ» ማለት ከቸልተኝነት ክስ በራሱ ነጻ አያወጣም፤ ፍርድ ቤት የሚጠይቀው አሽከርካሪው ማድረግ የሚገባውን ጥንቃቄ አድርጓል ወይ ብሎ ነው።

የመጨረሻው ስህተት የሾፌሩ ሳይሆን የደዋዩ ነው፤ እቤት ሆነን ሁላችንም እንሠራዋለን። እናት «የት ደረስክ ልጄ?» ትላለች፣ ባል «ለምን አታነሺም?» ብሎ ደጋግሞ ይደውላል፣ አለቃ ሾፌሩን መንገድ ላይ ሳለ ሒሳብ ይጠይቀዋል። አንድ የማውቃቸው የከባድ መኪና ሾፌር ለዚህ ጥሩ ሥርዓት አበጅተዋል። ከገላን ሲነሱ ለባለቤታቸው ደውለው «ወጥቻለሁ፤ ሞጆ ስቆም እደውልልሻለሁ» ይላሉ። እሳቸው እስኪደውሉ ማንም አይደውልላቸውም። ለባለንብረቱም ይህንኑ ነግረውታል፤ መጀመሪያ ቅር ቢለውም አሁን ለምዶታል።

የሚደውልልዎ ሰው እያሽከረከረ መሆኑን ከድምፁ ካወቁ «ስትቆም ደውልልኝ» ብለው ወዲያው ይዝጉ። እያሽከረከሩ ያሉት እርስዎ ከሆኑና ጥሪው የማይታለፍ ከሆነ ፍሬቻ አሳይተው፣ በስፖኪዮ ከኋላ አይተው፣ ከአስፋልቱ ሙሉ በሙሉ ወጥተው ይቁሙ። የፍጥነት መንገዱ ዳር ላይ ግን ለስልክ አይቁሙ፤ ያ ቦታ ለብልሽትና ለድንገተኛ ችግር የተተወ ነው። እስከሚቀጥለው መውጫ ይታገሱ።