በደሴና በኮምቦልቻ የመንግሥት ሕንፃዎች ኃይል ቆጣቢ ቴክኖሎጂ ሲገባ መወገድ ያለባቸው ስህተቶች

ኃይል ቆጣቢ ዕቃ ገዝቶ መስቀል ብቻውን የመብራት ሂሳብ አይቀንስም። ገንዘቡ የሚባክነው አብዛኛውን ጊዜ ከግዥው በፊት መሠራት የነበረበት ሥራ ስለሚቀርና ዕቃው ከርክክብ በኋላ ባለቤት ስለሚያጣ ነው።

ሳይለኩ መግዛት

ከጨረታው በፊት የ12 ወር የመብራት ሂሳብ ከፋይናንስ ክፍል ይውጣ። ታሪፍ ሲቀየር ብሩ ስለሚያሳስት የሚመዘገበው ኪሎዋት ሰዓቱ ነው። ከዚያ ሠራተኛ ሲወጣ በ11:30፣ በማግስቱም ጠዋት በ2:30 ቆጣሪው ይነበብ። በእነዚህ 15 ሰዓታት 45 ኪሎዋት ሰዓት ከቆጠረ፣ ሰው በሌለበት ሕንፃ በአማካይ 3 ኪሎዋት ሲባክን አድሯል ማለት ነው። ቦይለር ይሁን፣ የኮሪደር መብራት ወይም ኤሲ፣ ኤሌክትሪሺያኑ ማከፋፈያ ሳጥኑ ላይ መስመር በመስመር በክላምፕ ሜትር (ሽቦውን ሳይቆርጥ ከውጭ ይዞ ኃይሉን በሚለካ መሣሪያ) ለክቶ ያገኘዋል። ይህ ሳይደረግ የተገዛ ዕቃ ምን ያህል እንደቆጠበ ማሳየት አይቻልም፤ ማሳየት ካልተቻለ ደግሞ ለቀጣዩ በጀት መከራከሪያ የለም።

ለደሴ የተዘጋጀውን ለኮምቦልቻ መገልበጥ

ሁለቱን ከተሞች የሚለያቸው 25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ቢሆንም ደሴ ወደ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። የደሴ ችግር ብርድ ነው። ከጠረጴዛ ሥር የምትቀመጥ አንዲት ባለ 2,000 ዋት ሂተር ከ110 በላይ ባለ 18 ዋት ኤልኢዲ መብራቶች የሚወስዱትን ኃይል ትወስዳለች። ስለዚህ እዚያ መጀመር ያለበት የበርና የመስኮት ክፍተት በመድፈን፣ ከኅዳር እስከ ጥር ፀሐይ በሚገባበት በደቡብ በኩል ባሉ ክፍሎች ብዙ ተቀማጭ ሠራተኞችን በማስፈር ነው። በኮምቦልቻ የምዕራብ መስታወት ከሰዓት በኋላ ሙቀት ያስገባል። ጥላው ከመስኮቱ ውጭ መሠራት አለበት፤ መጋረጃ የሚያግደው መስታወቱን አልፎ ክፍሉ ውስጥ የገባውን ሙቀት ስለሆነ ኤሲውን ከሥራ አያሳርፈውም።

ባላስቱን ሳያዩ ኤልኢዲ መቀየር

ባላስት በፍሎረሰንት መብራት ውስጥ የሚያልፈውን ኃይል የሚገድብ ዕቃ ነው፤ የማግኔትና የኤሌክትሮኒክ ዓይነት አለው። ባለ 36 ዋት ፍሎረሰንት ከማግኔት ባላስቱ ጋር 45 ዋት ያህል ይወስዳል። 100 መብራት በ18 ዋት ኤልኢዲ ሲተካ፣ በቀን 8 ሰዓት በዓመት 250 የሥራ ቀን ቢበራ 5,400 ኪሎዋት ሰዓት ይተርፋል። ነገር ግን ኤሌክትሮኒክ ባላስት ላይ የማይስማማ ኤልኢዲ ከተገጠመ ይርገበገባል፣ ቶሎም ይቃጠላል። ብሬከሩን አጥፍቶ፣ መስመሩ ኃይል እንደሌለው በቴስተር አረጋግጦ ባላስቱን ማውጣትና በአምራቹ ሥዕል መሠረት ማገናኘት ይሻላል። መያዣው ላይ «ባላስት የለም» የሚል ምልክት ይለጠፍ፤ አለበለዚያ ሌላ ሰው ቆይቶ አሮጌ ፍሎረሰንት ይሰካበታል።

በጨረታ ሰነዱ ላይ «ኤልኢዲ 18 ዋት» ብቻ መጻፍም ያስጎዳል። ቢያንስ 100 ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ) በዋት፣ ፓወር ፋክተር (ከመስመሩ ከሚስበው ኃይል በትክክል ሥራ ላይ የሚውለው ድርሻ) ከ0.9 ያላነሰ፣ የ2 ዓመት ዋስትና፣ ከርክክብ በፊት የናሙና ፍተሻ ተብሎ ይጻፍ።

ሶላሩን ያለ ስሌት መግጠም

እያንዳንዳቸው 150 ዋት የሚወስዱ 5 ኮምፒውተሮች ለ4 ሰዓት 3 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋሉ። የሊድ አሲድ ባትሪ ከግማሽ በታች እንዳይወርድ፣ የኢንቨርተር (የባትሪውን ኃይል እንደ መስመር መብራት አድርጎ የሚቀይረው ዕቃ) ብክነትም ሲታሰብ፣ ባለ 12 ቮልት 100 አምፒር ሰዓት ባትሪ 6 ያስፈልጋል። በዚህ መስመር ላይ 1,500 ዋት የውሃ ማፍያ ከተሰካ ባትሪዎቹ ዕድሜያቸው ያጥራል፤ ስለዚህ የኢንቨርተሩ ሶኬት ለብቻው ይለይ። ፓነሉ ወደ ደቡብ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ያዘንብል። በጦሳ ተራራ ሥር ባሉ የደሴ ሕንፃዎች ፀሐይ ቶሎ ስለምትከለል የከሰዓቱ ምርት ዝቅ ተደርጎ ይሰላ።

ቁጠባውን ለቆጠበው አለመመለስ

በእኛ እምነት ትልቁ ስህተት ይህ ነው። መሥሪያ ቤቱ የቆጠበው ብር ሰኔ 30 ላይ ተመላሽ ከሆነ፣ የሚቀጥለው ዓመት የመብራት በጀቱም በዚያው ልክ ከተቀነሰ፣ የሚቆጥብበት ምክንያት አይኖረውም። በጀት ሲዘጋጅ ከተረጋገጠው ቁጠባ የተወሰነው ድርሻ ለዚያው ሕንፃ ጥገና እንዲመደብ ከፋይናንስ ጋር በጽሑፍ ይስማሙ። ማረጋገጫውም በየወሩ የሚነበበው ቆጣሪ ነው፤ አንባቢውና ተተኪው በደብዳቤ ይመደቡ።